ሳይጣደፉ መፍጠን፦ የአዲስ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ኤሌክትሪክ በአጭር ጊዜ እንዴት ይዘረጋል?

የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከውጭ ገዝተው ከመጠቀም አልፈው እዚሁ መገጣጠምና ማምረት ጀምረዋል። በአዲስ አበባ የሞባይል ስልክ መገጣጠም ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በኪጋሊ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 የማራ ስልክ ፋብሪካ ተመርቋል። ከናይሮቢ ብዙም በማይርቀው በአቲ ሪቨርም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 የስማርት ስልክ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተከፍቷል። በኒዬሪ፣ በዴዳን ኪማቲ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ደግሞ በሴሚኮንዳክተር ሥራ የተሰማራ ኩባንያ አለ። ስለነዚህ ፋብሪካዎች ሲወራ የምንሰማው ስለ ምርቃቱና ስለ ስልኩ ዋጋ ነው። ባዶ የነበረው አዳራሽ ውስጥ ኤሌክትሪኩ እንዴት እንደገባ፣ ማን እንደዘረጋውና በምን ያህል ጊዜ እንደተጠናቀቀ ግን እምብዛም አይነገርም። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ይህንኑ ሥራ ነው።

የፋብሪካ ባለቤት ሁልጊዜ ይቸኩላል፤ የሚቸኩለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሕንፃው በባንክ ብድር የተሠራ ከሆነ ወለዱ ምርት እስኪጀመር ድረስ አይጠብቅም። የታዘዙት ማሽኖች ሞምባሳ ወይም ጅቡቲ ወደብ ደርሰው የመጋዘን ኪራይ ይቆጥሩ ይሆናል። ሊመረት የታሰበው ስልክም ጥቂት ወራት ከዘገየ ገበያው ያልፍበታል። ስለዚህ በተለመደው አካሄድ ዓመት ሊፈጅ የሚችል የኤሌክትሪክ ሥራ በመንፈቅ እንዲያልቅ ይጠየቃል።

በሌላ በኩል አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለዋል። በኤሌክትሪክ ሥራ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም። የተቃጠለ ማሽን በገንዘብ ይተካ ይሆናል፤ የሰው ሕይወት ግን አይተካም። ታዲያ ፍጥነትና ጥንቃቄ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ ወይ? አዎ፣ ይችላሉ። ጊዜ የሚቆጠበው ግን ሽቦ ከመጎተቱ በፊት በሚደረገው ዝግጅት እንጂ በመጨረሻ ከሚደረገው ፍተሻ ላይ በመቀነስ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ አባባል ማብራሪያ ነው።

ይህ ፋብሪካ ከወፍጮ ቤት በምን ይለያል?

በወፍጮ ቤት አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ሞተሮች አሉ። መብራት ሲሄድ ወፍጮው ይቆማል፣ እህሉም ባለበት ይጠብቃል። መብራት ሲመጣ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል፤ የጠፋው ጊዜ እንጂ እህሉ አይደለም። የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ግን እንዲህ አይደለም።

የአንድ ስልክ ወይም የአንድ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ የውስጥ ሰሌዳ የሚሠራው በተከታታይ በተደረደሩ ማሽኖች ነው። የመጀመሪያው ማሽን ሰሌዳው ላይ ሶልደር የተባለውን የብየዳ ቅባት በስስ ወንፊት በኩል ይቀባል። ሁለተኛው ማሽን ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ክፍሎችን በከፍተኛ ፍጥነት እያነሳ በየቦታቸው ያስቀምጣል። ከዚያ ሰሌዳው በረጅም ምድጃ ውስጥ በተንቀሳቃሽ ሰንሰለት ተጭኖ ቀስ ብሎ ያልፋል። እርሳስ የሌለበት ሶልደር የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ የምድጃው ከፍተኛ ሙቀት 240 እና 250 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ሰሌዳው እዚያ ሙቀት ውስጥ የሚቆየው በሰከንዶች ተለክቶ ነው። ሰሌዳዎች ምድጃው ውስጥ እያሉ መብራት ቢሄድና ሰንሰለቱ ቢቆም፣ በዚያ ቅጽበት ውስጥ ያሉት በሙሉ ከመጠን በላይ ሊጠበሱ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ አይጠገኑም፣ ይጣላሉ።

ሁለተኛው ልዩነት በዓይን አይታይም። ደረቅ ቀን ላይ የሱፍ ሹራብ ስናወልቅ ወይም የመኪና በር ስንነካ ትንሽ ንዝረት ይሰማናል። ይህ በሰውነታችን ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ነው። ሰው እንዲህ ያለው ንዝረት የሚሰማው መጠኑ 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። ስስ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ግን በ100 ቮልትና ከዚያም ባነሰ ሊበላሹ ይችላሉ። ሠራተኛው ምንም ሳይሰማው የስልኩን አንጎል ገደለው ማለት ነው። ስለዚህ ወለሉ፣ ጠረጴዛው፣ ወንበሩና የሠራተኛው የእጅ አንጓ ሁሉ ከመሬት ጋር ይያያዛሉ። የእጅ አንጓው ማሰሪያ ውስጥ 1 ሚሊዮን ኦም ተቃውሞ ይቀመጣል። ምክንያቱን የፊዚክስ ተማሪዎች ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፦ ሠራተኛው በስህተት 240 ቮልት ያለበትን ነገር ቢነካ በማሰሪያው በኩል የሚያልፈው 240 ለ1,000,000 ሲካፈል ነው፤ ይህም 0.24 ሚሊአምፒር ብቻ ሲሆን ለሰው አደጋ የለውም። የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ግን በዚያው በኩል ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይወርዳል።

የኃይል መቋረጥ በዚህ ዓይነት ፋብሪካ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2019 በጃፓን ዮካኢቺ ከተማ አካባቢ መብራት ለ13 ደቂቃ ብቻ ጠፋ። እዚያ የኮምፒውተርና የስልክ ማስታወሻ ቺፕ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች ግን በ13 ደቂቃው ምክንያት ለሳምንታት ወደ ሙሉ ሥራቸው አልተመለሱም፤ በሥራ ላይ የነበረው ምርትም ብዙው ተበላሸ። በእኛ አካባቢ ያሉት መገጣጠሚያዎች ከዚያ ያነሱና ቀለል ያሉ ቢሆኑም ጠባያቸው አንድ ነው።

መጀመሪያ ስሌቱ

ፈጣን ሥራ የሚጀምረው በእርሳስና በወረቀት ነው። ፋብሪካው ስንት ኪሎዋት እንደሚፈልግ ሳይታወቅ ትራንስፎርመር ማዘዝ አይቻልም፤ ትራንስፎርመሩ ካልታዘዘ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢያልቅ ፋብሪካው በጨለማ ይቀመጣል።

አንድ መካከለኛ ፋብሪካ በምሳሌ እንውሰድ። ሁለት የማምረቻ መስመሮች አሉት እንበል። ሁለቱ ምድጃዎች ሲሞቁ እያንዳንዳቸው 60፣ በድምሩ 120 ኪሎዋት ይፈልጋሉ። በመስመሮቹ ላይ ያሉት ሌሎች ማሽኖች 40 ኪሎዋት፣ የአየር መጭመቂያው 75፣ ሙቀትንና እርጥበትን የሚያስተካክሉት ማቀዝቀዣዎች 200፣ መብራትና ሶኬቶች 45፣ የመፈተሻ ጠረጴዛዎችና ኮምፒውተሮች 20 ኪሎዋት ይወስዳሉ። ድምሩ 500 ኪሎዋት ይሆናል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሙሉ ኃይል ስለማይወስዱ ባለሙያው በልምድና በመመሪያ ተመርኩዞ የተወሰነውን ይቀንሳል፤ ሰማንያ በመቶውን ብንወስድ 400 ኪሎዋት እናገኛለን። የኃይል ፋክተሩን 0.9 ካደረግነው 444 ኪሎቮልት አምፒር ይመጣል። ለወደፊቱ ማስፋፊያ ሩብ ያህል ስንጨምርበት 555 ይሆናል። በገበያ ላይ ከሚገኙት የተለመዱ መጠኖች ቀጥሎ ያለው 630 ስለሆነ የሚታዘዘው ባለ 630 ኪሎቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ነው።

ይህ ትራንስፎርመር በ415 ቮልት ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ በእያንዳንዱ ፌዝ የሚያልፈው 876 አምፒር ያህል ነው። ኬንያ ውስጥ በቤታችን የምንጠቀምበት ባለ ሦስት እግር ሶኬት የሚሸከመው 13 አምፒር ነው። ልዩነቱን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከዚህ ስሌት አንድ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ምድጃ ብዙ ኃይል የሚወስደው እስኪሞቅ ብቻ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ሙቀቱን ለመጠበቅ ከመነሻው እጅግ ያነሰ ይበቃዋል። ስለዚህ ሁለቱ ምድጃዎች በአንድ ጊዜ እንዳይነሡ ቢደረግ፣ አንድ ሽቦ ሳይዘረጋ ከከፍተኛው ፍላጎት ላይ ብዙ ኪሎዋት ይቀነሳል። የጠዋት ፈረቃ መሪው አንዱን ምድጃ ቀድሞ እንዲያነሣ ማዘዝ ወጪ የለውም።

ኤሌክትሪኩ የሚጓዝበት መንገድ

በኬንያ ፋብሪካ አጠገብ የሚያልፈው የማከፋፈያ መስመር አብዛኛውን ጊዜ 11 ወይም 33 ኪሎቮልት ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ 15 እና 33 ኪሎቮልት የተለመዱ ናቸው። ትራንስፎርመሩ ይህን ኃይል ወደ ዝቅተኛ ቮልት ያወርደዋል፦ በኬንያ በፌዝና በፌዝ መካከል 415፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል 240 ቮልት፤ በኢትዮጵያ 380 እና 220 ቮልት። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚሄድ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው።

ከትራንስፎርመሩ ኃይሉ ወደ ዋናው ማከፋፈያ ቦርድ ይገባል። እዚያ ትልልቅ ብሬከሮች አሉ። ከዚያ ወደ ትናንሽ ማከፋፈያዎች፣ በመጨረሻም ወደ ማሽኖቹ ይደርሳል። ከጎን ሁለት ረዳቶች አሉት። አንደኛው ጄኔሬተር ነው፤ መብራት ሲሄድ ተነሥቶ ጭነት ለመሸከም አሥር ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሁለተኛው በባትሪ የሚሠራው ዩፒኤስ ሲሆን እነዚያን አሥር ሰከንዶች ይሸፍናል። ዩፒኤስ ሙሉውን ፋብሪካ እንዲሸከም ማድረግ ውድ ስለሆነ የሚመረጡት ጭነቶች ኮምፒውተሮች፣ የማሽን መቆጣጠሪያዎችና የምድጃው ሰንሰለት ናቸው። ማሞቂያው ቢጠፋም ሰንሰለቱ ከተንቀሳቀሰ ውስጥ ያሉት ሰሌዳዎች ሳይጠበሱ ይወጣሉ።

ስለ መሬት መስመሩ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ በስህተት ይሠራልና። አንዳንዶች ለኤሌክትሮኒክስ ማሽኖች «ንጹሕ» የሚሉትን ለብቻው የተቀበረ የመሬት ዘንግ ያዘጋጃሉ፤ ከሕንፃው የመሬት መስመር ጋርም አያገናኙትም። ይህ አደገኛ ነው። መብረቅ ሲመታ ወይም አንድ ፌዝ ከማሽን አካል ጋር ሲነካካ በሁለቱ መሬቶች መካከል ትልቅ የቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ሁለቱን በሁለት እጁ የነካ ሠራተኛም መንገድ ይሆንለታል። ትክክለኛው አሠራር የማሽኖቹም፣ የወለሉም፣ የእጅ አንጓ ማሰሪያውም መሬት በስተመጨረሻ ከአንድ ዋና የመሬት ባር ጋር እንዲገናኝ ማድረግ ነው።

ጊዜ የሚቆጠበው የት ነው?

በተለመደው አካሄድ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ኤሌክትሪሻኑ ይጠራል፤ ለክቶ ያዝዛል፣ ዕቃው እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ሲመጣ ይዘረጋል፣ ከዚያ ማሽን ይገባል። እያንዳንዱ ሥራ የፊተኛውን እየጠበቀ ሰልፍ ይይዛል። ፈጣን አሠራር ይህን ሰልፍ ያፈርሰዋል። ዋና ዋና ዘዴዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ለመምጣት ረጅም ጊዜ የሚወስዱትን ዕቃዎች መጀመሪያ ማዘዝ። ትራንስፎርመር፣ ዋናው ማከፋፈያ ቦርድና ጄኔሬተር አብዛኛውን ጊዜ በትእዛዝ ተሠርተው በመርከብ የሚመጡ ናቸው፤ ከወራት በታች አይደርሱም። ሽቦና ሶኬት ግን ከከተማው ሱቅ በቀን ይገኛል። ስለዚህ መሠረቱ ገና ሲቆፈር ትራንስፎርመሩ መታዘዝ አለበት። ለመብራት ኃይል መሥሪያ ቤቱ የሚቀርበው የአዲስ መስመር ማመልከቻም እንዲሁ በመጀመሪያው ሳምንት ይገባል። ወረቀት የዘገየበትን ቀን በሌሊት ሥራ ማካካስ አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ጠቡን በወረቀት ላይ መጨረስ። በፋብሪካ ጣሪያ ሥር የአየር ማስተላለፊያ፣ የውኃ ቧንቧ፣ የተጨመቀ አየር ቧንቧ፣ የእሳት ማጥፊያ መስመርና የኬብል መደርደሪያ ሁሉም አንድ ቦታ ይሻማሉ። አምስቱም ሥራ ተቋራጮች ንድፋቸውን አንድ ላይ አስቀምጠው ቢያዩት ግጭቱ ከሰዓት በፊት ይፈታል። ካላዩት ግን አንዱ የሰቀለውን ሌላው ሲያወርድ ቀናት ያልፋሉ። ዛሬ ይህ በኮምፒውተር በሦስት አቅጣጫ በሚሳል ንድፍ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ባይኖርም ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አይከለከልም።

ሦስተኛ፣ ሳይት ላይ የሚሠራውን መቀነስ። ግድግዳው ሲገነባ በሌላ ቦታ ባለ ወርክሾፕ ውስጥ ማከፋፈያ ሳጥኖቹ ሽቦ ይገባላቸዋል፣ ቧንቧዎች በልክ ይታጠፋሉ፣ ኬብሎች ተቆርጠው ቁጥር ይለጠፍባቸዋል፣ መብራቶች ከነመሰኪያቸው ይዘጋጃሉ። በጠረጴዛ ላይ ተቁሞ የሚሠራ ሥራ መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ ከሚሠራው ይፈጥናል፣ ጥራቱም ይሻላል። የሚወድቅ ሰውም አይኖርም። ይህ ዘዴ ፍጥነትንና ደኅንነትን በአንድ ጊዜ ስለሚጨምር ባለሙያዎች በጣም ይወዱታል።

አራተኛ፣ በኬብል ፈንታ ባስባር መጠቀም። ባስባር ማለት በብረት ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ የመዳብ ወይም የአልሙኒየም ዘንጎች ናቸው። ቁርጥራጮቹ ተዘጋጅተው ይመጡና ጣሪያ ሥር እየተገጣጠሙ ይሰቀላሉ። በየተወሰነ ርቀቱ ማሽን የሚቀጠልበት አፍ አለው። ከዋናው ቦርድ ወደ እያንዳንዱ ማሽን የተለየ ወፍራም ኬብል መጎተት ይቀራል። ለኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሌላም ጥቅም አለው፤ የሚመረተው ዕቃ ሲቀየር ማሽኖች ቦታ ይቀይራሉና፣ መቀጠያ ሳጥኑን ነቅሎ ሌላ አፍ ላይ መሰካት ብቻ ይበቃል። በዋጋው ከኬብል ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ጊዜ ምን ያህል እንደሚያወጣ ቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ሕንፃውን በክፍል መክፈል። አዳራሹ በሦስት ወይም በአራት ቦታ ይከፈልና አንደኛው ክፍል ተዘርግቶና ተፈትሾ ሲያልቅ ማሽን ይገባበታል፤ በአራተኛው ገና ጣሪያ ይመታል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ክፍሎቹ በአቧራ መከላከያ ከተለያዩ ነው። የሲሚንቶ አቧራ በተከፈተ ቦርድም ሆነ በማሽን ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያመጣውን ጣጣ ማጥፋት ቀላል አይደለም።

ስድስተኛ፣ ቁጥር መለጠፍ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። እያንዳንዱ ኬብል በሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት ቁጥር ካለው፣ ዛሬ የጀመረውን ሥራ የማታ ፈረቃው ሳይጠይቅ ይቀጥለዋል። ቁጥር ከሌለው «ይህ ከየት የመጣ ነው?» እየተባባሉ ሁለት ሰዎች ግማሽ ቀን በሜትር ሲፈልጉ ይውላሉ። ከዓመታት በኋላ ጥገና የሚሠራውም ሰው የዘረጉትን ያመሰግናቸዋል።

የማያጥሩ ሥራዎች

እስካሁን ያየናቸው ጊዜን ያሳጥራሉ። ቀጥለው ያሉት ግን ባለቤቱ ምንም ቢቸኩል የሚያጥሩ አይደሉም።

የመጀመሪያው መገጣጠሚያዎችን በልክ ማጥበቅ ነው። ማከፋፈያ ቦርድ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ብሎን በምን ያህል ኃይል መጥበቅ እንዳለበት አምራቹ ይጽፋል፤ የሚጠብቀውም ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ ነው። ከተጠበቀ በኋላ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። ለምን? በላላ መገጣጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የኤሌክትሪክ ፍሰቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በተቃውሞው ሲባዛ ነው። ፍሰቱ 400 አምፒር፣ የላላው ቦታ ተቃውሞ 1 ሺሕኛ ኦም ብቻ ቢሆን ሙቀቱ 160 ዋት ይደርሳል። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አንድ የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖልና ከዚያም የሚበልጥ ሙቀት ቀንና ሌሊት ሲነድድ እንደማለት ነው። ሽፋኑ ይቀልጣል፤ ከዚያ እሳት ነው።

ሁለተኛው ፍተሻው ነው። ፍተሻ ቅደም ተከተል አለው። ኃይል ከመልቀቅ በፊት የመሬት መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ መያያዙ ይለካል። ቀጥሎ የሽቦዎቹ ሽፋን ይፈተሻል፦ በቤትና በፋብሪካ በተለመደው ዝቅተኛ ቮልት መስመር ላይ 500 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለቀቅና ተቃውሞው ከ1 ሚሊዮን ኦም ማነስ የለበትም። ይህን የሚለካው መሣሪያ በሙያው ሜገር ይባላል። ፌዝና ኒውትራል አለመቀያየራቸውም ይታያል። ከዚያ ኃይል ከተለቀቀ በኋላ ብሬከሮቹ አደጋ ሲደርስ በጊዜው መቁረጣቸው ይረጋገጣል፤ ለምሳሌ ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚጠብቀው ባለ 30 ሚሊአምፒር መቁረጫ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ መቁረጥ አለበት።

እዚህ ላይ መጣደፍ ምን እንደሚያስከትል ልብ በሉ። የሽፋኑ ፍተሻ በ500 ቮልት የሚደረግ ነው ብለናል። ማሽኖቹ ከመስመሩ ሳይነቀሉ ይህ ፍተሻ ቢደረግ ውስጣቸው ያሉት ስስ ክፍሎች ይቃጠላሉ። ማሽኖቹን ለመንቀል የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የተቃጠለውን ማሽን ለመተካት ግን እንደገና መርከብ መጠበቅ ነው። ማሽን ከመግባቱ በፊት መፈተሽ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቁልፍ ነው። አንድ ሰው መስመር ላይ ሲሠራ ብሬከሩን አጥፍቶ የራሱን ቁልፍ ይቆልፍበታል፣ ስሙ ያለበትን ምልክትም ያንጠለጥላል። መክፈቻው በኪሱ ይሆናል። ሥራውን ጨርሶ ራሱ እስኪከፍት ድረስ የፋብሪካው ባለቤት ቢመጣም ያ ብሬከር አይነካም። ሕንፃው በክፍል በተከፈለበትና ብዙ ቡድን በአንድ ጊዜ በሚሠራበት ፈጣን ሥራ ይህ ደንብ ከምንጊዜውም ይበልጥ ያስፈልጋል። አንዱ ክፍል ኃይል አለው፣ ጎረቤቱ የለውም፤ በስም የሚተማመን ሰው ይሳሳታል፣ ቁልፍ ግን አይሳሳትም።

አራተኛው እንቅልፍ ነው። ሥራን ለማፍጠን ሁለት ፈረቃ መሥራት ተገቢ ነው። አንድን ሰው ሁለቱንም ፈረቃ ማሠራት ግን ተገቢ አይደለም። የደከመ ሰው የመሬት ሽቦ የነበረውን ፌዝ ላይ ያስራል፤ ስህተቱም በማግሥቱ ሌላ ሰው ይገድላል።

በእነዚህ በአራቱ ላይ ግፊቱ የሚበረታው በመጨረሻው ሳምንት ነው። የምርቃቱ ቀን ተቆርጧል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ የክብር እንግዶች ተጠርተዋል። «ፍተሻው በኋላ ይደረጋል፣ ዛሬ ብቻ መብራቱ ይብራ» የሚል ቃል የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። በሕግ ፈቃድ የተሰጠው ባለሙያ የሚፈለገውም ለዚህች ሰዓት ነው። የፍተሻው ወረቀት ላይ የሚፈርመው እሱ ነው፤ ያልተለካውን «ተለክቷል» ብሎ የፈረመ እንደሆነ ተጠያቂው እሱ ነው። «አልፈርምም» ለማለት የሚችል ኤሌክትሪሻን ያለው ፋብሪካ ዕድለኛ ነው።

ኩማሞቶና አሪዞና

ዝግጅትና የሰለጠነ እጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ ለማየት አንድ ኩባንያ በሁለት አገር የሠራቸውን ሁለት ፋብሪካዎች እናነጻጽር። የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ ቺፕ በትእዛዝ የሚያመርት ኩባንያ ነው። በጃፓን ኩማሞቶ የመጀመሪያ ፋብሪካውን ግንባታ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 አስጀመረ። ሥራው ሌሊትና ቀን በፈረቃ ተሠርቶ ፋብሪካው ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2024 ተመረቀ፤ ሁለት ዓመት እንኳን አልሞላውም። እንዲህ ባለ ፋብሪካ ይህ እጅግ ፈጣን ነው።

ይኸው ኩባንያ በአሜሪካ አሪዞና ግንባታ የጀመረው ከኩማሞቶ አንድ ዓመት ቀድሞ በ2021 ነበር። በ2024 ምርት እንደሚጀመር ታስቦ ሳለ፣ በጁላይ 2023 ኩባንያው ጊዜው ወደ 2025 እንደሚገፋ አስታወቀ። የሰጠውም ምክንያት ረቂቅ የሆኑትን መሣሪያዎች መትከል የሚችሉ የሰለጠኑ ሠራተኞች ማነሳቸውን ነው፤ ልምድ ያላቸውን ከታይዋን አምጥቶ የአካባቢውን ሠራተኞች እንደሚያሠለጥንም ገለጸ። የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት በዚህ አባባል አልተስማሙም ነበር። በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች በዲሴምበር 2023 ስለ ሥልጠናና ስለ ደኅንነት ስምምነት ላይ ደረሱ።

በሁለቱ ፋብሪካዎች መካከል ሌሎችም ልዩነቶች አሉ፤ አሪዞና ላይ የሚመረተው ቺፕ ይበልጥ የረቀቀ ነው፣ የአገሮቹም ሕግና አሠራር ይለያያል። ቢሆንም ገንዘብና መሬት ባልጎደለበት ሥራ ላይ ኩባንያው የሰለጠነ እጅ ጎደለኝ ማለቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በጣም ሀብታም በሆነች አገር እንዲህ ከተባለ፣ በእኛ አካባቢ ምን ያህል ሊያስፈልግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ለልጆቻችን ምን ማለት ነው?

በማኅበረሰባችን ውስጥ ልጅ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን እንመኛለን፤ ኤሌክትሪሻን ልሁን ሲል ግን ፊታችን ይጠቁራል። ሙያው ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር ብቻ ስለሚመስለን ነው። ከላይ ያየነው ሥራ ግን ስሌት ይጠይቃል፣ ንድፍ ማንበብ ይጠይቃል፣ ሰውን ማስተባበር ይጠይቃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጽናት ይጠይቃል። አንድ መሐንዲስ የነደፈው ፋብሪካ በአሥርና በሃያ ጥሩ ኤሌክትሪሻኖች ካልተዘረጋ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በኬንያ ማንም ሰው የኤሌክትሪክ መስመር ለመዘርጋት ከኃይልና ነዳጅ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፈቃዱ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ዝቅተኛው ለትንንሽ ሥራዎች ሲሆን ልምድና ትምህርት ሲጨምር ከፍ ወዳለው ይታደጋል። በኢትዮጵያም የቴክኒክና ሙያ ትምህርት በየደረጃው ይሰጣል፤ የሙያ ብቃት ምዘናም አለ። ልጁን ወደዚህ መስመር መላክ የሚፈልግ ወላጅ ምን ዓይነት ምስክር ወረቀት በየትኛው አገር እንደሚያገለግል አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል፤ በስደት ላይ ያለ ቤተሰብ ደግሞ ይህን በተለይ ማጣራት አለበት።

ለተማሪዎች ደግሞ ምክሬ አጭር ነው። የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ስትደርሱ ለፈተና ብቻ አትሸምድዱት። የቤታችሁን ቆጣሪ አጠገብ ያለውን ሳጥን ከውጭ እዩት፤ ሳትከፍቱት በየብሬከሩ ላይ የተጻፈውን አምፒር መዝግቡ። በየክፍሉ ያሉትን ዕቃዎች ዋት ደምሩ፣ ለቮልቱ አካፍሉ፣ ከብሬከሩ ጋር አነጻጽሩት። ምጣዱና የውኃ ማሞቂያው በአንድ ጊዜ ሲበሩ ብሬከሩ ለምን እንደሚወድቅ ያን ጊዜ ይገባችኋል። የፋብሪካው ስሌትም ከዚህ የሚለየው በቁጥሮቹ ትልቅነት ብቻ ነው። ሳጥኑን መክፈትና ሽቦ መንካት ግን ሠልጥናችሁ ፈቃድ እስክታገኙ ይቆይ፤ ለአሁኑ እርሳስና ወረቀት ይበቃችኋል።